የደነዘዘውን አትለፉት፦ ለሐረርና ለድሬዳዋ ወጣት የጤና ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ነርሲንግ፣ ሕክምና ወይም ፊዚዮቴራፒ የጀመራችሁትን፣ በሕይወት ፋናም በድል ጮራም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አዲስ ጋዋን ለብሳችሁ የምትታዩትን እያሰብኩ ነው። የጤና ተማሪ ያልሆናችሁም አንብቡት። ስኳር ያለባቸው አያት ወይም ከባጃጅ የወደቀ ጎረቤት የማያውቅ ቤት በከተሞቻችን ጥቂት ነው።

የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከሚያመው ይልቅ የማይሰማውን ፍሩ። "አመመኝ" ያለ ሰው ሰሚ አያጣም። ቤተሰብ ይሯሯጣል፣ ባጃጅ ይጠራል፣ መርፌ ይታዘዛል። "እግሬን ይደነዝዘኛል"፣ "ጥጥ ላይ የምረግጥ ይመስለኛል"፣ "ጉንዳን ይሄድብኛል" ያለ ሰው ግን "ብርድ ነው"፣ "ድካም ነው" ተብሎ ይሸኛል። ከወራት በኋላ ተረከዙ ላይ ቁስል ይዞ ይመለሳል፤ ያን ጊዜም አያመውም። ቀድማችሁ እንድትደርሱለት መልእክቱ ከቆዳ ተነሥቶ አንጎል እስኪገባ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ አለባችሁ። ዕውቀቱ ለፈተና ብቻ አይደለም፤ መንገዱ የቱ ጋ እንደተበጠሰ በጣታችሁ እንድታሳዩ ነው።

ከእግር አውራ ጣት እንነሣ። ንክኪን የሚቀበለው የነርቭ ጫፍ ቆዳ ውስጥ ነው፤ የሕዋሱ ዋና አካል ግን እዚያ የለም። ያለው ወገብ ላይ፣ ነርቩ ከአከርካሪው በሚወጣበት ቀዳዳ ዘንድ፣ ጋንግሊዮን በሚባል ትንሽ እብጠት ውስጥ ነው። ከዚያ እስከ ጣት ያለው አክሰን የተባለው ክር አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ንክኪንና የመገጣጠሚያን አቀማመጥ የሚያደርሰው ሕዋስ ደግሞ ሌላውን ቅርንጫፉን ሳይቋረጥ ሽቅብ እስከ ሜዱላ፣ ማለትም ከሕብለ ሰረሰር በላይ እስካለው የአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል፣ ይልካል። ስለዚህ በረጅም ሰው ላይ አንድ ሕዋስ ብቻውን 1 ሜትር ተኩል ያህል ሊሆን ይችላል፤ ውፍረቱ ግን በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም።

ይህን ርዝመት ልብ በሉ፤ ብዙ በሽታ የሚገባችሁ በእሱ ነው። ክሩን የሚያድሰው ፕሮቲን የሚሠራው በሕዋሱ አካል ውስጥ ነው፤ ወደ ጫፉ የሚደርሰው በክሩ ውስጥ እየተጓጓዘ ነው። ፈጣኑ ጭነት እንኳ በቀን 400 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሄድ ከወገብ ተነሥቶ አውራ ጣት ለመድረስ ሁለት ቀን ተኩል ይፈጅበታል። ስኳር፣ የበዛ አልኮል ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነርቭን ሲያውክ መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ሩቁ ጫፍ ነው። መደንዘዙ ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ የካልሲ ቅርጽ ይዞ ወደ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ወደ ጉልበት ሲቃረብ የእጅ ጣቶችም ይከተላሉ። የቲቢ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድም በአንዳንድ ሰው ላይ ይህንኑ ያደርጋል፤ መፍትሔው ቫይታሚን ቢ6 ነው። ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ ለክሊኒኩ እንዲናገር አጥብቃችሁ ንገሩት።

አሁን ስለ ምልክቱ ራሱ። ብዙ መምህራን ነርቭን በኤሌክትሪክ ሽቦ ይመስሉታል። ለመጀመሪያው ቀን ይበቃ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ከቆማችሁ ግን ያሳስታችኋል። ሽቦ ውስጥ ኃይሉ በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ርቀቱም ያደክመዋል። ነርቭ ግን ምልክቱን በየቦታው እንደገና ይወልደዋል። ዕረፍት ላይ ያለ ነርቭ ውስጡ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ነው። ማነቃቂያ መጥቶ ይህን ወደ 55 ካወረደው በነርቩ ግድግዳ ላይ ያሉት የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ይገባና ውስጡ ለአፍታ ፖዘቲቭ 30 ገደማ ይሆናል። ወዲያው ፖታሲየም በራሱ በሮች ወጥቶ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ በ1 ወይም በ2 ሚሊሰከንድ ያልቃል። ከሥር የሚሠራው ፓምፕ በእያንዳንዱ ዙር 3 ሶዲየም እያስወጣ 2 ፖታሲየም ያስገባል፤ ይህ ሥራ ኃይል ስለሚፈልግ ደም ያልደረሰው ነርቭ ብዙ ሳይቆይ ይሰንፋል። የጥርስ ሐኪም የሚወጋው ሊዶካይንም እነዚያኑ የሶዲየም በሮች ነው የሚዘጋው። ምልክቱ ከተነሣ ሙሉ ሆኖ ይነሣል፣ ካልተነሣም የለም። በቀስታ የተነካና በኃይል የተመታ ጣት የሚለዩት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተላከና ስንት ክሮች እንደላኩት ነው።

ፍጥነቱ እንደ ክሩ ዓይነት ይለያያል። ወፍራሞቹ ማይሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን ተጠቅልለዋል፤ ሽፋኑ በየአንድ ሚሊሜትር አካባቢ ይከፈታል፣ ምልክቱም ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይሄዳል። ክፍተቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1870ዎቹ የገለጻቸው ፈረንሳዊው ራንቪየ ነው። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1850 የእንቁራሪት ነርቭ ላይ በሰከንድ 27 ሜትር ያህል ለክቶ ነበር። በሰው ላይ ንክኪን የሚያደርሱት ክሮች በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር፣ ስል ሕመምን የሚያደርሱት ቀጫጭኖች ከ5 እስከ 30 ሜትር፣ ማይሊን የሌላቸውና የሚያቃጥል ሕመም የሚያመጡት ደግሞ ከግማሽ እስከ 2 ሜትር ይሄዳሉ። ጣታችሁ ድንጋይ ሲመታ ምን እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት። አንድ ሜትሩን ንክኪው በ50 ሜትር ፍጥነት በ20 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ስል ሕመሙ በ15 ሜትር ፍጥነት 67 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ የሚያቃጥለው ግን በ1 ሜትር ፍጥነት አንድ ሙሉ ሰከንድ። መመታታችሁን አውቃችሁ "አሁን ሊጀምረኝ ነው" የምትሉባት ቅጽበት ከዚህ ልዩነት ትመጣለች። የጋለ ማንደጃ የነካ እጅም አንጎልን አይጠብቅም፤ ሕብለ ሰረሰር ላይ መልስ ተሰጥቶት ይሸሻል፣ ሕመሙ በኋላ ይታወቀዋል።

ሕብለ ሰረሰር ከገባ በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ንክኪ፣ ንዝረትና የመገጣጠሚያ አቀማመጥ በገቡበት ጎን ወጥተው ሜዱላ ላይ ይሻገራሉ። ሕመምና ሙቀት ግን ከገቡበት አንድ ሁለት ደረጃ ሳያልፉ እዚያው ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራሉ። ሁለቱም አንጎል መሐል ባለው ማስተላለፊያ፣ በታላመስ በኩል፣ ወደ አንጎል ቅርፊት ይደርሳሉ። ከአንጎል የሚወርደው የእንቅስቃሴ ትእዛዝም አብዛኛው ሜዱላ ላይ ይሻገራል። ስለዚህ በስለት ተወግቶ የሕብለ ሰረሰሩ ቀኝ ግማሽ የተቆረጠ ሰው የሚዝለውና ንዝረት የማይሰማው ቀኝ እግሩ ሲሆን፣ ስል ነገርና ቅዝቃዜ የማይሰማው ግን ግራ እግሩ ነው። ይህን አንድ ጉዳይ በወረቀት ላይ ሣሉት። ሦስቱን መንገዶች በሦስት ቀለም አስምራችሁ እስክትችሉት ድረስ ወደ ሌላ ምዕራፍ አትለፉ።

ከዚያ በኋላ አልጋ አጠገብ የምትጠይቁት ይህን ነው፤ ምን ጠፋ? በየትኛው ጎን? ከየት እስከ የት? ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ብቻ ከደነዘዙ ክርኑን እዩ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ሌሊት ሌሊት እየደነዘዙ የሚቀሰቅሷት ሰፌድና ሙዳይ ስትሰፋ የምትውል እናት ከሆነች የእጅ አንጓዋን እዩ። ከእምብርት በታች ሁለቱም እግሮች ደንዝዘው ከዛሉ ችግሩ እጅና እግር ላይ የለም፤ በ10ኛው የደረት ነርቭ ደረጃ ሕብለ ሰረሰሩ ላይ ነው። በእኛ አገር ከሁሉ በፊት የአከርካሪ ቲቢን ማሰብ ይገባል፤ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ ጀርባ ላይ የወጣ ጉብታ ፈልጉ። መቀመጫና ብልት አካባቢ ደንዝዞ ሽንት እምቢ ካለ ለነገ አታሳድሩት፣ በዚያው ቀን ይላክ።

ፊት፣ እጅና እግር በአንድ ጎን ድንገት ከዛሉ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሡ። መጀመሪያ የምትጽፉት ሕመምተኛው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ሰዓት ነው፤ የረጋ ደምን የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና። ፊት ብቻ ሲጣመም ግን ሰፈሩ "ብርድ መታው" ይላል። ግንባሩን እንዲሸበሽብ ጠይቁት። የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ትእዛዝ ስለሚቀበል ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ግንባሩ ካልተሸበሸበና ዐይኑ ካልተከደነ የተጎዳው ራሱ የፊት ነርቭ ነው፤ ዐይኑ እንዳይደርቅ ቅባት ስጡት፣ ሌሊት ሸፍኑለት።

ለመመርመር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ጥጥ፣ የጥርስ እንጨት፣ ቀዝቃዛ ማንኪያ፣ ሲመታ የሚንዘር ባለ 128 ኸርዝ የድምፅ ሹካ፣ በ10 ግራም ጫና የሚታጠፍ የናይለን ክር ይበቃል። ዋናው ነገር አጠያየቁ ነው። መጀመሪያ ዐይናቸው ተከፍቶ ደረታቸውን በመንካት ስሜቱን አስተዋውቋቸው፤ ከዚያ ዐይናቸውን ይጨፍኑና ሲሰማቸው ብቻ "አዎ" ይበሉ። በነካችሁ ቁጥር "ይሄስ?" አትበሉ፤ ጥያቄው ራሱ መልስ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ሳትነኩም ጠይቁ። የናይለኑን ክር እስኪታጠፍ ተጫኑና አንድ ሰከንድ ያዙት፤ ቦታው የአውራ ጣት ሥጋና ከጣቶቹ ሥር ያሉት የመርገጫ አጥንቶች ናቸው። የጠነከረ ቆዳ ላይ ካደረጋችሁት ጤነኛም አይሰማውም። ሹካውን አውራ ጣቱ ጫፍ አጥንት ላይ አድርጉና "ንዝረቱ ሲቆም ንገሩኝ" በሉ። ጣትን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱ በጎንና በጎኑ ያዙት፤ ከላይና ከታች ከያዛችሁት በጫናው ያውቁታል። የጥርስ እንጨቱ ለአንድ ሰው አንድ ነው፣ ወዲያው ይጣላል። የሲሪንጅ መርፌ ለዚህ ሥራ በጭራሽ አትጠቀሙ፤ ይደማል፣ በሽታም ያስተላልፋል። ከደነዘዘው ወደ ደህናው እየሄዳችሁ ስሜቱ የሚመለስበትን መስመር በእስክሪብቶ አስምሩ፣ ቀኑንም ጻፉ። በእኛ ከተማ ሕመምተኛው ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ ወይም አማርኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። እነዚህን አራት አምስት ጥያቄዎች በሁሉም ልመዱ። ልጅ ወይም ሚስት ካስተረጎመ "አዎ" ያለው ማን እንደሆነ ልብ በሉ።

የሥጋ ደዌን በሚመለከት ምሥራቅ ኢትዮጵያ ረጅም ልምድ አላት። ከሐረር ብዙም የማይርቀው ቢሲዲሞ ሆስፒታል በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ ነው። ኖርዌያዊው ሀንሰን በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ማይሊን በሚሠሩት የሽዋን ሕዋሳት ውስጥ ይኖራል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚመርጥ ለቆዳ የቀረቡትን ያጠቃል፤ ክርን ላይ ያለውን፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለውን፣ አንገት ላይ ከጆሮ ሥር ያለውን። እነዚህን ሦስቱን በጣታችሁ ዳስሱ፣ ግራና ቀኙን አወዳድሩ፤ የወፈረ ነርቭ እንደ ገመድ ይጨበጣል። ቆዳ ላይ የወጣ፣ የማያሳክክ፣ የማያም፣ ጥጥ የማይሰማው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካያችሁ በቅባት አትሸኙት።

ጣት የሚቆረጠው በባክቴሪያው ተበልቶ አይደለም። ትኩስ ብርጭቆ ሲይዝ፣ ድስት ሲያወርድ፣ ሚስማር ሲረግጥ ስላልተሰማው ይቃጠላል፣ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል፤ አጥንቱም በዚያ ያልቃል። ሰዎች ሕመምተኛውን ለብዙ ዘመን የሸሹትና ያገለሉት በዚህ ጉዳት ምክንያት ነው። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሰንና ክሎፋዚሚን አንድ ላይ ለ6 ወይም ለ12 ወር ሲሰጡ በሽታው ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ነው። የነርቭ ጉዳቱ ገና 6 ወር ካልሞላው ደግሞ በሐኪም ክትትል በሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ስሜትና ጉልበት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በየቀጠሮው ዐይን ማጥበቅን፣ ትንሿን ጣት ወደ ጎን ማውጣትን፣ አውራ ጣት ማቆምን፣ የእግርን ፊት ወደ ላይ ማንሣትን ፈትኑ። ካለፈው ቀጠሮ የዛለ አንድ ጡንቻ ካገኛችሁ ያ ቀን የሚጠፋ ቀን አይደለም።

የስኳር ሕመምተኛ እግርም ያንኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድሬዳዋ ላይ ቀትር ላይ አስፋልቱና አሸዋው በስስ ነጠላ ጫማ የሚረገጥ አይደለም፤ ስሜት የሌለው እግር ሲቃጠል ባለቤቱ የሚያውቀው ማታ ካልሲው ሲጣበቅ ነው። ሐረር ላይ ደግሞ በብርድ ሌሊት እግርን ማንደጃ አጠገብ ማሞቅ ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። ለአያቶቻችሁ በቤት አድርጉላቸው፤ ጫማ ከመጫማታቸው በፊት ውስጡን በእጅ ፈትሹ፣ የመታጠቢያውን ውኃ በክርናችሁ ለኩ፣ በየማታው የእግራቸውን ሥር በመስተዋት ወይም በዐይናችሁ እዩ፣ በጣቶቹ መሐል አድርቁ፣ ጥፍሩን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጠንካራውን ቆዳ በምላጭ አትንኩ።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ለሐረርና ለድሬ ልጆች የጻፍኩ አልሆንም። ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚገናኘው 20 ናኖሜትር ያህል ባለ ክፍተት ላይ ኬሚካል በመርጨት ነው። በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉት ኬሚካሎች ከመጠን በላይ እንዲረጩና ቶሎ እንዳይመለሱ ያደርጋል። ምርቃናው፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፣ የልብ ምት መፍጠኑ፣ የደም ግፊት መጨመሩ ከዚህ ነው። ድካሙን አላስወገደውም፤ የድካሙን መልእክት ሸፈነው። በማግሥቱ የሚመጣው ዱካክና ድብርት የዚያው ብድር ነው፤ ጨብሲ ደግሞ ሌላ መርዝ ይጨምርበታል። ለፈተና የሚቅም ተማሪ ሌሊቱን ያነበበውን የሚያጸናለትን እንቅልፍ ራሱ ይከለክላል። በርጫ ላይ ለሰዓታት በአንድ ክርን መደገፍም እዚያ ለቆዳ ቅርብ ሆኖ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫነዋል፤ ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ጎን መቀየር አይበቃም፣ ክርኑን ማሳረፍ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ እናንተ ራሳችሁ ልታደርሱት ስለምትችሉት ጉዳት። መቀመጫ ላይ መርፌ ስትወጉ ቦታውን በአራት ከፍላችሁ የላይኛውን ውጫዊ ሩብ ምረጡ፤ የእግሩ ትልቅ ነርቭ የሚያልፈው ከታችና ወደ ውስጥ ነው። ለሕፃን የጭን ፊት ለፊት የውጭ ጎን ይሁን። መርፌው ሲገባ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ንዝረት ከተሰማው መድኃኒቱን አትግፉ፣ ወዲያው አውጡ። በሐረርና በድሬዳዋ መሐል ካለው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በአደጋ የወደቀን ሰው ደግሞ በብብትና በእግሩ አንጠልጥላችሁ ባጃጅ ውስጥ አትክተቱ። አንዱ ጭንቅላቱን ከአንገቱ ጋር አቅንቶ ይያዝ፣ ሦስት ሰዎች ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዘው አንድ ላይ በጎኑ ያዙሩት፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም የወለቀ በር ይግባ።

የተጨፈለቀ ነርቭ ሽፋኑ ካልተቆረጠ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ከመቀመጫ እስከ እግር 80 ሴንቲሜትር ቢሆን 800 ቀን ማለት ነው፤ ጡንቻ ያን ያህል ሳይታዘዝ ከቆየ ይሟሽሻል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ላይ ማንሣት አቅቶት የወደቀውን እግር ከመጀመሪያው ቀን በ90 ዲግሪ የሚይዝ ድጋፍ አድርጉለት፣ ቁርጭምጭሚቱን በየቀኑ እያንቀሳቀሳችሁ ጅማቱ እንዳያጥር ጠብቁት። በየወሩ የነርቩን መስመር ከላይ ወደ ታች በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉ፤ መወረር የሚሰማበት ነጥብ ወደ ታች እየወረደ መሆኑን በሴንቲሜትር ለክታችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ። ሦስት ወር አልፎት ነጥቡ ካልተንቀሳቀሰ፣ ጡንቻውም አንድም ምልክት ካላሳየ፣ ያን ካርድ አስይዛችሁ ወደ ቀዶ ሐኪም ላኩት።